የውዴታ ግዴታ

ባለፈው ጥቅምት ሚኤሶ ነበርኩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምትጠብቀው ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ከአዲስ አበባ በዓመት አንዴ ብቅ እያልኩ ጣራው አለማፍሰሱን አያለሁ፣ የግመል ወተት እጠጣለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ሲመረኝ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለን ስናወጋ የእህቴ ስልክ ጮኸ። ከሚኒሶታ ነው። ታናሽ እህታችን ዲቪ ደርሷት ከነቤተሰቧ ከሄደች አሥራ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ የደወለችው ግን እሷ ሳትሆን ልጇ ናት። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። ከዚያ “ጋሼ እዚያ ነው አይደል? ስጪልኝ” አለች።

(ሐረርጌ “አንቱ” ማለት ብዙም አይሆንለትም። አዲስ አበባ ያደጉት ልጆቼ እንኳ “አባዬ እርስዎ” ይሉኛል፤ ሚኤሶ ተወልዳ ሚኒያፖሊስ ያደገችው የእህቴ ልጅ ግን “ጋሼ” ካለችኝ በኋላ “አንተ” ትለኛለች። ደስ ይለኛል።)

ልጅቷ ሕግ ልትማር ነው። አሜሪካ ሕግ የሚጠናው መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እሷም የመጀመሪያውን ጨርሳለች፣ ኤልሳት የሚባለውን ፈተና ወስዳለች፣ ዋናውን ድርሰትም ጽፋለች። አሁን የቀራት ሌላ ወረቀት ነው። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ከዋናው ድርሰት ሌላ፣ ከፈለግሽ ስለ አስተዳደግሽ፣ ስለ ቤተሰብሽና ስለመጣሽበት ማኅበረሰብ ጨምረሽ ጻፊልን ይላሉ።

“ግዴታ አይደለም ጋሼ፣ ኦፕሽናል ነው።”

“ካልጻፍሽስ?”

“ምንም አይሉም። ግን ሁሉም ሰው ይጽፋል።”

“የውዴታ ግዴታ በይኛ!”

አልገባትም። የኔ ዕድሜ አንባቢ ግን ይገባዋል። የቀበሌው ሰብሳቢ “መዋጮው በፈቃደኝነት ነው” ካሉ በኋላ ስም ዝርዝር ሲያነቡ የሰማ ሰው ይህን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አይፈልገውም።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ሳቄን አቆመው። “እማዬ በእናታችሁ በኩል አጎት ነበራችሁ አለችኝ። ሶማሊያ የሄደ። ከዚያ በላይ አልነግርሽም፣ አጎትሽን ጠይቂ አለችኝ።” ታላቅ እህቴ ምንጣፉ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁሉንም ሰምታለች። “ነገ ማታ ደውዪ” አልኳትና ዘጋሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጡረተኛ ጭንቅላት ደግሞ ሲጨንቀው ወደ ታሪክ ነው የሚሸሽ።

እኛ አገር ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው በነጥብ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ዲን በጄምስ ፖል መሪነት ሲከፈት ጀምሮ፣ ማትሪክ የሚባለው ፈተና የተፈታኙን አያት ማንነት አልጠየቀም። ፈተናው ቁጥር ይሰጥሃል፣ በቁጥርህ ትታረማለህ፣ በነጥብህ ትመደባለህ። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ከጨረሱት ተፈታኞች ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ እንጂ፣ የወደቀው ልጅ በማን ቤት፣ በምን መብራት እንዳጠና የሚያስረዳበት አንድ መስመር ቦታ አልነበረውም። ማስተካከያ የለም ማለቴ አይደለም። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያው ነጥብ ዝቅ ሲል ኖሯል። ይህም ቢሆን የሚሠራው በሳጥን ነው። ጾታ፣ ክልል፣ አለቀ። የክልል ድንበር በደጃፉ በሚያልፍበት እንደ ሚኤሶ ባለ ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ወደ ኋላ ራቅ ብለን ስናይ ግን ሕግና “የማን ልጅ ነህ” የሚለው ጥያቄ ተለያይተው አያውቁም። በቀድሞው ችሎት ተሟጋቹ በልሃ ልበልሃ ብሎ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዋስ ይጥራ ይባል ነበር። ዳኛው የሚፈልገው የሰውየውን ታሪክ ሳይሆን ለሰውየው የሚቆምለትን ሰው ነበር። ይህ ወግ አልሞተም፤ ዛሬም ገንዘብ ቤት ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት የሚቀጠር ወጣት ዲግሪውን ካሳየ በኋላ “ተያዥ አለህ?” ይባላል። ባለ ደሞዝ ዘመድ የሌለው ደሃ ሥራውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ አስተዳደጉ ሁለት ገጽ ጽፎ ቢያመጣ የሰው ኃይል ኃላፊው ምን ይለው ይሆን? “ይሄን ለመጽሔት ላከው” ነው የሚለው።

ይልቅ ያን ሌሊት ሲመላለሱብኝ ያደሩት ጨርጨርን የገዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን ስማቸውን የምንሰማው ከመንገዱና ከከተማው ፕላን ጋር ነበር፤ ታሪካቸውን ያነበብኩት ከሸመገልኩ በኋላ ነው።

አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከሚኤሶ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኘውን፣ ዛሬ ጭሮ የሚባለውን አሰበ ተፈሪን በፕላን ያስቆረቆሩት እሳቸው ናቸው። በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ፤ አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ አደጉ፤ አድዋ ሲዘመት ገና ልጅ ሆነው አብረው ዘመቱ። ከጦርነቱ በኋላ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ሲመለሱ ቴአትር የሚባል ነገር በማያውቅ አገር “ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ”ን ጻፉ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ የጃፓኑን አጠገባቸው አስቀምጠው ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱትም እሳቸው ናቸው። ከረጅም ስደት ሲመለሱ የአዲስ አበባን ሹመት ትተው እዚሁ ጨርጨር፣ ሂርና ላይ እርሻ ያዙ። ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ትተውት፣ ካረፉ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ “ኦቶባዮግራፊ” ብሎ አሳተመው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ የአገር ሕግ የጻፉ ሰው ናቸው እንግዲህ። ያንን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሚገርመው ደራሲው ራሳቸውን ለማንም ደጅ ጠኚ አድርገው አለማቅረባቸው ነው። ይኮራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሰው ይዘልፋሉ፣ አንዳንዴም ያጋንናሉ ያሰኛሉ። መግቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ጨርጨርን ገዙ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ሕፃን ነበሩ። እንግሊዞች ወደ ህንድ ወሰዷቸው፣ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ሐኪም ሆኑ። ከአድዋ በኋላ አገራቸው ሲገቡ አማርኛ አያውቁም፤ ማን እንደሆኑም የሚመሰክር ወረቀት የለም። አያታቸው ናቸው ሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተዋቸው “ልጄ ነው” ያሉት ይባላል። እኒህ ሰው በ1928 ዓ.ም. ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሲቆሙ ስማቸውን በሁለቱም ይጽፉ ነበር፤ የጠፋውንም የተገኘውንም አልጣሉም።

እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ያሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት ቢያገኛቸው ምን ያህል በተደሰተ! ወላጅ አልባነት አለ፣ ስደት አለ፣ ጦርነት አለ፣ ሦስት አራት ቋንቋ አለ። እነሱ ግን ታሪካቸውን የተናገሩት ቦታ ካገኙ በኋላ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ትናገራለች፣ ከዚያ ቦታው ይሰጣታል ወይም አይሰጣትም።

አሜሪካኖቹስ ይህን ጥያቄ ከየት አመጡት? ልጅቷ ለደግ ነገር የተፈጠረ ነው ብላ ታምናለች፤ ዛሬ ብዙ ቦታ እውነቷን ነው። አነሳሱ ግን ደግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሃርቫርድ በፈተና ብቻ ሲቀበል ከስደተኛ ቤት የመጡ ይሁዲ ልጆች ከመቶ 20 በላይ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ሎዌል በ1922 ቁጥራቸው ይወሰን አሉ። በይፋ ኮታ ማውጣቱ ተቃውሞ ሲገጥመው ነገሩ በቅጽ በኩል መጣ። ዘርህና ቀለምህ ምንድን ነው? ሃይማኖትህ? የእናትህ የአባት ስም? አባትህ የት ተወለደ? አንተ ወይም አባትህ ስም ቀይራችኋል? ከዚያ ፎቶግራፉና ስለ ጠባይ የሚመሰክረው ደብዳቤ ተጨመረ። በነጥብ የገባውን በታሪኩ ለማስወጣት ነው ነገሩ።

ያው መሣሪያ በኋላ ተገልብጦ በር መክፈቻ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በባኪ ጉዳይ ኮታን ከልክሎ ዘርን ከሌሎች ነገሮች እንደ አንዱ ማየትን ፈቀደ፤ በ2003 የሚሺጋን ሕግ ትምህርት ቤት በተከሰሰበት የግሩተር ጉዳይ ይህንኑ አጸና። ጁን 29 ቀን 2023 ደግሞ በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ጉዳይ በሩን ዘጋው። ዘርን ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ማየት ቀረ። ግን ዋና ዳኛው ሮበርትስ አንዲት ቀዳዳ ተዉ፦ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ራሱ ቢጽፍ፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ከአመልካቹ ችሎታና ጠባይ ጋር አያይዞ ማንበብ አይከለከልም አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች የድርሰት ጥያቄያቸውን እንደገና ጻፉ። ቀድሞ በአንዲት የብዕር ጭረት ያልቅ የነበረው ነገር አሁን በሙሉ ሸክሙ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ ሆነ። መስቀልሽን ካላሳየሽ አማኝ አይደለሽም እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም አለው ይላል። ፈረንሳዊው ረቂቅ አዘጋጅ ሬኔ ዳቪድ ለእኛ መልካም አስበው ነበር፤ ግን ማን ሰምቷቸው! ይኸው ስድሳ ምናምን ዓመት ሞላን፣ ዛሬም የምንጠራው በአባታችን ነው። እህቴ አሜሪካ ስትገባ ቅጹ “የመጨረሻ ስም” ሲላት ያባቷን ሰጠች፤ ልጇ ደግሞ ያባቷን አባት። እናትና ልጅ በወረቀት ዘመድ አይመስሉም።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ከዚህ በላይ ማምለጥ አልችልም።

በ1974 ዓ.ም. ከአሰበ ተፈሪ ወጣ ባለ ቦታ አስተማሪ ነበርኩ። ሕግ ለመማር የሚያስችል ዕድል ወጣ ተባለ። አንድ መሥሪያ ቤት አራት ገጽ ቅጽ ሰጠኝ። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ሆኖ ከላዩ “የሕይወት ታሪክ” ይላል። የመደብ አመጣጥህን፣ ከአብዮቱ በፊት ቤተሰብህ ምን እንደነበረው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድህን ጻፍ። ያ ዘመን የሂስና ግለ ሂስ ዘመን ነው፤ ሰው ራሱን በሰው ፊት መዘርዘር ሞያ ሆኖ ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር መደቤ ያኮራል። ምድር ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት ብረት የፈተለ ሰው ልጅ! ስለ እሱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። “ውጭ አገር ዘመድ አለህ ወይ” የሚለው ላይ ስደርስ “የለኝም” አልኩ።

ነበረኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ኢቱ ኦሮሞ፣ ሚኤሶ ጣቢያ ላይ ሸክም ያወርድ የነበረ። ባቡር ሲመጣ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ፉርጎ ያስቆጥረኝ ነበር፤ ቁጥር የተማርኩት ከሱ ነው። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ወራት አንድ ሌሊት ወጣና ቀረ። ሸሽቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ተሰልፎ ነው የሚሉም ነበሩ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ልዩነት የላቸውም፤ ቤታችን ተፈትሾ እናቴ ሁለት ቀን ታስራ ተለቀቀች። በ1976 ዓ.ም. ከጅቡቲ ልብስ የሚያመላልስ ነጋዴ አንዲት ወረቀት አመጣልኝ። አጎቴ ሰሜን ሶማሊያ፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። ደህና ነኝ፣ እህቴ በሕይወት አለች ወይ፣ መልስ ላክልኝ ይላል። ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ለመልስ ተመልሶ መጣ። “የለም በለው” ብዬ ተማሪ ላክሁበት። ወረቀቱን እናቴ ሳታየው አቃጠልኩት። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ጋየች፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማንም።

የሕግ ዕድሉን ለሌላ ሰው ሰጡት። ዋሽቼም አላገኘሁትም።

ይህን ለማን ይጽፉታል? ሚኤሶ ላይ ደግሞ አመጣጥን መጻፍ ከዚያ በኋላም አልቀለለም። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ድንበር ከ400 በላይ ቀበሌዎች የማን እንደሆኑ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ፣ የኛ አካባቢም ነበረበት። የታናሽ እህቴ ባል ኢሳ ነው፤ ፍየልና ግመል ይነግዳል፣ ከአባቴ ጋር ሻይ ሲጠጣ ያደገ ሰው። ያን ሰሞን እራት ላይ ማንም ማንንም ምን እንደመረጠ አልጠየቀም። የቀበሌ መታወቂያው ብሔር ይላል፣ አንድ ቃል የሚበቃ ቦታ አለው፤ የእህቴ ልጅ ሕፃን ስለነበረች ያን ቃል ከመምረጥ ዳነች። በ2010 ዓ.ም. ግጭቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሁለቱም ወገን ሲያፈናቅል እነሱ ሚኒሶታ ነበሩ። እኔ ግን ሚኤሶ ላይ ፍራሽ የጫኑ መኪኖች ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲያልፉ አይቻለሁ። ባቡሩ እንኳ ሚኤሶ ላይ ነው የሚከፈለው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ሐዲድ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ሌላው ሠራው።

በማግሥቱ ማታ ልጅቷ በሰዓቷ ደወለች። ታላቅ እህቴ እንድትሰማ ስልኩን መሐል ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኳት። ቅጹን፣ ነጋዴውን፣ እሳቱን። እህቴም ስለ ወረቀቱ የሰማችው ያኔ ነው። አርባ ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ስንበላ ኖረናል። ምንም አላለችኝም። ተነስታ ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ስትመለስ ነጠላዋን ቀይራለች።

“ጋሼ፣ ይሄን መጻፍ እችላለሁ?”

“እኔን ለማሳጣት ከሆነ ጻፊ፤ ይገባኛል። ታሳዝናለች እንዲሉሽ ከሆነ ግን እሱ ላንቺ ማዘኛ አይደለም፤ አንቺ አታውቂውም።”

ቆጣ አለች። “እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ለምን ጠበቃ መሆን እንደምፈልግ ስጽፍ ውሸት ሆኖብኝ ነው። የሆነ ነገር እየዘለልኩ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። እዚህ የስደተኞች ማመልከቻ በሚሞሉበት ቢሮ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ እሠራለሁ። የኛ ሰዎች ‘ኬዜን ጻፊልኝ’ ብለው ይመጣሉ። ዘመዶችህን ዘርዝር ስላቸው አንዱን ይዘላሉ። ሁሌ አንዱን ይዘላሉ ጋሼ። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።”

መልስ አልነበረኝም። እኔ ይህን ሁሉ ሌሊት ስለ ሃርቫርድና ስለ ተክለ ሐዋርያት ሳስብ ያደርኩት ልጅቷ ራሷን ትሸጣለች ብዬ ፈርቼ ነው። እሷ ደግሞ ከሁለት ገጽ ውስጥ የጎደለባትን አንድ ሰው እየፈለገች ኖሯል።

“ሃ ከተብዱ” አለች ታላቅ እህቴ በኦሮምኛ፣ ከስልኩ ራቅ ብላ። ትጻፈው ማለቷ ነው። ከዚያም ለኔ ሳይሆን ለልጅቷ ነገረቻት፤ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ከጣቢያ ሲመለስ ብርቱካን እንደሚያመጣ፣ ግራ እጁ ላይ አንዲት ጣት እንዳልነበረችው። እኔ ጣቲቱን ረስቻት ነበር።

ልጅቷ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ስሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

“በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?”

እንጃ፣ እኔም ጽፌው አላውቅም አልኳት።